ትሬዱ ሞቶ ቁልፉ ተመርዞ ሲቀር፦ የሚዛን ፕሮግራሜ የአንዱን መኪና ክብደት ለሌላው ጻፈ

ገላን_ሚዛን
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል። ያላሳጠርኩት ስህተቴ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ስለሆነ ነው።

የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ገላን አካባቢ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ስንዴ የጫኑ መኪናዎች በሩ አጠገብ ካለው የመኪና ሚዛን ላይ ወጥተው ሙሉ ክብደታቸው ይመዘገባል፤ አራግፈው ሲመለሱ ባዶ ክብደታቸው ይመዘናል፤ ልዩነቱ ታትሞ ለሹፌሩ ይሰጣል። ነጋዴው የሚከፈለው በዚያች ወረቀት ነው። ይህን ሁሉ የሚያስኬደውን ፕሮግራም ራስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙ አራት ትሬዶች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች፣ አሉት። አንዱ ከሚዛኑ ማሳያ በሲሪያል ኬብል የሚመጣውን መስመር ያነባል፤ ሁለተኛው ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ወረቀት ያትማል፤ አራተኛው የሚዛን ሠራተኛዋ የምታየውን ስክሪን ያድሳል። አራቱም «የአሁኑ ምዘና» ያልኩትን አንድ መዋቅር ይጋራሉ፤ በውስጡ የሰሌዳ ቁጥር፣ ሙሉ ክብደትና ሰዓት አለ። መዋቅሩን የሚጠብቀው አንድ ሚውቴክስ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ ማለት ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ማለዳ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ባትሪ ስላለው አልጠፋም፤ የሚዛኑ ማሳያ ግን ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ የተቆረጠ መስመር ላከ። የእኔ ኮድ ደግሞ የመስመሩን ርዝመት ሳይጠይቅ ክብደቱ ያለበትን ቦታ በባይት ቁጥር ይቆርጥ ነበር። መስመሩ አጭር ስለነበር አንባቢው ትሬድ ቁልፉን እንደያዘ ፓኒክ አድርጎ (ሊቀጥል የማይችልበት ስህተት ገጥሞት) ሞተ። የቀሩት ሦስቱ ቁልፉን ሲጠይቁ «ፖይዝን ኤረር»፣ ማለትም ይዞት የነበረው ስለሞተ ቁልፉ ተመርዟል የሚል ስህተት፣ ተመለሰላቸው፤ እኔም በየቦታው አንራፕ (ስህተት ከመጣ ፓኒክ አድርግ የሚለውን ጥሪ) ስለጻፍኩ ተራ በተራ ወደቁ። እኔ ስደርስ የመኪናው ሰልፍ ከበሩ አልፎ አስፋልቱ ዳር ደርሷል። ሹፌሮቹ ሌሊቱን ሲነዱ ያደሩ ናቸው።

ተቻኮልኩ። አንራፕ የሚለውን ሁሉ አውጥቼ፣ ቁልፉ ተመርዞም ቢሆን ውስጡን የሚሰጠውን «ኢንቱ ኢነር» አስገባሁ። አንባቢው ትሬድ ሲሞት መልሶ የሚያስነሣ ኮድም ጨመርኩ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ እኔም ተመሰገንኩ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ ሹፌር ወረቀቱን ይዞ ከመውጫው በር ተመለሰ። «የጫንኩት 220 ኩንታል ነው፤ ይህ 264 ይላል፤ የእኔ አይደለም» አለ። ሠራተኛዋ ማሳያው ላይ ያየችውን ቁጥር ሁሉ በደብተር የመያዝ ልማድ አላት። ደብተሯ የዚያን መኪና ሙሉ ክብደት 36,940 ኪሎ ይላል፤ ዳታቤዙ ግን 41,380። ይህ ቁጥር ከእርሱ በፊት የገባው መኪና ክብደት ነው። ባዶ ክብደቱ 14,940 ስለሆነ እውነተኛው የተጣራ ክብደት ልክ ሹፌሩ እንዳለው 22,000 ኪሎ ነበር። ሰውየው ዝም ብሎ ቢሄድ ኖሮ ፋብሪካው ላልመጣ 44 ኩንታል ከ40 ኪሎ ስንዴ ይከፍል ነበር።

ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ። ሠራተኛዋ ሰሌዳውን ጽፋ «መዝግብ» የሚለውን ስትጫን አንባቢው ትሬድ ቁልፉን ይዞ መጀመሪያ ሰሌዳውን ይለውጣል፤ ቀጥሎ መስመሩን ቆርጦ ክብደቱን ይለውጣል። ፓኒኩ የመጣው በሁለቱ መካከል ነው። አዲስ ሰሌዳ ከአሮጌ ክብደት ጋር ቀረ። ጸሐፊው ትሬድ በኢንቱ ኢነር ገብቶ ያገኘውን እንዳለ መዘገበው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ትሬድ ሞቶ ቁልፉ ሲመረዝ ትክክለኛው አያያዝ ምንድን ነው? አንራፕ ካልኩ ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ካላልኩ ውሸት ይጻፋል።

ሱሉልታ_ነፋስ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

ፓርኪንግ ሎት የሚባለውን ላይብረሪ ተጠቀም። የእርሱ ሚውቴክስ አይመረዝም። እኔ ወደዚያ ከዞርኩ ወዲህ ይህን ስህተት ዳግም አላየሁትም።

ኮዬ_ፈጬ_9
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡31

ሱሉልታ ወንድሜ፣ አላየሁትም ማለት አልደረሰም ማለት አይደለም። በፓርኪንግ ሎት ቁልፍ የያዘ ትሬድ ፓኒክ ሲያደርግ ቁልፉ ይለቀቃል፤ ምንም ምልክት ግን አይቀርም። ጠያቂው ዛሬ የደረሰበት ነገር ይኸው ራሱ ነው፤ ምልክቱን አላይም ብሎ አለፈው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ላይብረሪው ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ለዚህ ችግር መልስ አድርጎ ማቅረብን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ገላን፣ መጀመሪያ የሆነውን ነገር በትክክል እንየው። «የቁልፍ ስህተት» ሲባል ቁልፉ የተበላሸ ይመስለናል። ቁልፉ ደኅና ነው። ራስት ውስጥ ሚውቴክስን ስትቆልፍ አንድ ጠባቂ ይሰጥሃል፤ ጠባቂው ከሥራ ክልሉ ሲወጣ ቁልፉ ይከፈታል። ትሬዱ በፓኒክ ሲፈርስም ጠባቂው እየወደቀ ቁልፉን ይከፍታል፤ ስለዚህ ማንም ለዘላለም ሲጠብቅ አይቀርም። በዚያው ቅጽበት ግን ጠባቂው «ይህ ትሬድ እየፈረሰ ነውን?» ብሎ ያረጋግጥና ሚውቴክሱ ላይ አንዲት ምልክት ያኖራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ቁልፉን ያገኛል፤ የሚያገኘው ግን በስህተት ተጠቅልሎ ነው። ኢንቱ ኢነር ያደረገው መጠቅለያውን መቅደድ ብቻ ነው። ምልክቷን እንኳን አያነሣም፤ የሚቀጥለውም ትሬድ ያንኑ ስህተት ያገኛል።

መልእክቱ እንግዲህ «መግባት አትችልም» ሳይሆን «ከአንተ በፊት የነበረው ሥራውን ሳይጨርስ ሞቷል፤ የተወውን አይተህ ግባ» ነው። አንተ ደግሞ ሳታይ ገባህ። ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም፤ አስፋልት የደረሰ ሰልፍ ፊት ቆሜ ቢሆን እኔም ያንኑ ላደርግ እችል ነበር።

የማታ_ተማሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡48

ይቅርታ፣ ገና ጀማሪ ነኝ። ትሬዱ ከሞተ ሞቷል። ራስት ለምን ወደ ነበረበት አይመልሰውም? ሰሌዳውን ያልጨረሰው ከሆነ የድሮውን ሰሌዳ መመለስ አይችልም?

ኮዬ_ፈጬ_9
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡02

እህቴ ይሁን ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው።

የሰፈር እቁብ አስቢ፤ አስብ። ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ፣ ከአንድ አባል ሂሳብ 5,000 ብር ሰርዞ ለዕጣው ባለቤት ሊጽፍ ሲል ተዝለፍልፎ ወደቀ። መዝገቡ ክፍት ነው። እስክሪብቶውን የሚያነሣው ሰው የሚያየው የተሰረዘ 5,000 ብር ብቻ ነው። ጸሐፊው ምን ሊጽፍ እንደነበር መዝገቡ ራሱ አያውቅም። ሚውቴክስም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያለው ለእርሱ የባይት ክምችት ነው፤ ሰሌዳና ክብደት አንድ ላይ መለወጥ እንዳለባቸው የሚያውቀው ኮዱን የጻፈው ሰው ነው። ድሮ የነበረውን ለመመለስ ደግሞ አስቀድሞ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሚውቴክስ ቅጂ አይዝም። ቅጂ የሚይዘው ዳታቤዝ ነው፤ ትራንዛክሽን የምንለው ያንን ነው።

ራስት የሚችለው ገጹን አጥፎ ማስቀመጥ ነው። የታጠፈ ገጽ ያየ ሰው ቢያንስ ያነባል።

ጀሞ_ሦስት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ኢንቱ ኢነርን እንደ ኃጢአት አንቁጠረው። በቁልፉ ውስጥ ያለው አንድ ቆጣሪ ቁጥር ብቻ ቢሆንስ? በዛሬው ዕለት ስንት መኪና ገባ የሚል። አንድ መደመር ነው፤ ወይ ተደርጓል ወይ አልተደረገም፤ ግማሽ የሚባል ነገር የለውም። እንዲህ ባለው ላይ መመረዙን ማለፍ ትክክል ነው፤ ሥራን ማቆም ግን በከንቱ ማቆም ነው። ሁልጊዜም ሊታሰብበት የሚገባው በቁልፉ ውስጥ ያለው ነገር በግማሽ መቅረት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ለየብቻው ይጠየቅ። ገላን ያጠፋው በአንድ ትእዛዝ ፈልጎ ለሁሉም በመተካቱ ነው።

ሌላ ሐሳብ፦ ሚውቴክሱን ትተህ አንባቢና ጸሐፊ የሚለየውን አርደብሊውሎክ ብትጠቀምስ? እርሱ ስክሪኑን ከመመረዝ ያድነዋል።

ኮዬ_ፈጬ_9
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡40

የመጀመሪያው ትክክል ነው፤ ሁለተኛው አያድንም። አርደብሊውሎክ የሚመረዘው ለመጻፍ የያዘው ትሬድ ፓኒክ ሲያደርግ ነው፤ ለማንበብ የያዘው ቢሞት አይመረዝም፤ ያልለወጠውን ማበላሸት አይችልምና። የገላን ፓኒክ ግን እየጻፈ ሳለ ነው የመጣው። ያንን ተከትሎ ለንባብ የሚመጣው ስክሪንም ስህተቱን ያገኛል።

የድሮ_ሲ_ጸሐፊ
ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4፡20

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ወድጄዋለሁ። ይህ ችግር ከራስት በፊት የነበረ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 የእርስ በርስ መገለልን ችግር (በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲገባ የማድረግን) ሲያቀርብ ካስቀመጣቸው ሁኔታዎች አንዱ፣ ከተጠበቀው የኮድ ክፍል ርቆ የቆመ ኮምፒውተር ሌሎቹን እንዳያግድ የሚል ነበር። ከክፍሉ ውጭ ስለሚቆመው ነው ያለው። ክፍሉ ውስጥ ሳለ የሚሞተውን ያ ሁኔታ አይሸፍነውም። የእናንተ ጭቅጭቅ ሁሉ ያለው በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

በሲ ቋንቋ ስንሠራ፣ ሁለት ፕሮሴሶች (ለየብቻ የሚሄዱ ፕሮግራሞች) በጋራ ማኅደረ ትውስታ ላይ አንድ የፒትሬድ ሚውቴክስ ይጋሩ ነበር። ቁልፉን የያዘው ፕሮሴስ ከተገደለ ቁልፉ እንደተቆለፈ ይቀራል። የሚጠብቀው ለዘላለም ይጠብቃል። ስህተት የለ፣ መልእክት የለ፤ ፕሮግራሙ በሕይወት ያለ ይመስላል። ስንት ሌሊት አድሬበታለሁ። እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ፖዚክስ፣ ማለትም የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ደረጃ፣ «ሮበስት» የተባለውን ሚውቴክስ አስገባ። በእርሱ ባለቤቱ ሲሞት ቀጣዩ ቁልፉን ያገኛል፤ አብሮም «ኢኦውነርዴድ» የሚል ይመለስለታል፤ ባለቤቱ ሞቷል ማለት ነው። ያኔ መረጃውን አስተካክሎ «ኮንሲስተንት» የሚለውን ጥሪ ማድረግ አለበት። ሳያስተካክል ቁልፉን ከለቀቀ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ «ሊድን አይችልም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ያንን ሚውቴክስ ከማፍረስ ሌላ አማራጭ የለም።

ይህን ሕግ እወደዋለሁ። ግዴታ አለበት። የገባ ሰው ወይ «አይቻለሁ፣ አስተካክያለሁ» ብሎ ይፈርማል ወይም ቤቱ ይታሸጋል። ዊንዶውስም የተተወ ሚውቴክስ ሲያገኝ ለጠባቂው ይነግረዋል፤ በማይክሮሶፍቱ ዶትኔት ከ2.0 ጀምሮ እንደ ኤክሴፕሽን (ሥራውን የሚያቋርጥ የስህተት ምልክት) ይወረወራል።

ራስት ላይ ከዚህ ፊርማ ጋር የሚመሳሰለው የመመረዝ ምልክቱን የሚያነሣው «ክሊር ፖይዝን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በ1.77 እትም ተረጋግቶ ወጣ። ገላን፣ ልጄ፣ እርሱን ሳትጠራ ኢንቱ ኢነርን ብቻ መጥራት ሳይፈርሙ መግባት ነው። ደግሞ ሳያስተካክሉ መጥራቱ የሐሰት ፊርማ እንዳይሆን ተጠንቀቅ።

ቡራዩ_ከታ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡05

እኔ በሌላ መንገድ እሄዳለሁ። የራስት መገንቢያ መሣሪያ በሆነው በካርጎ ማዋቀሪያው ላይ ፓኒክ ሲመጣ «አቦርት» እንዲሆን አድርገው። ያኔ ትሬዱ ብቻውን አይሞትም፤ ፕሮግራሙ በሙሉ በአንዴ ይወድቃል፤ የተመረዘ ቁልፍ የሚያገኝ የተረፈ ትሬድም አይኖርም። የሊኑክስ አገልግሎት አስተዳዳሪው ሲስተምዲ ወዲያው መልሶ ያስነሣዋል፤ ከዳታቤዙ አንብቦ ይጀምራል። ግማሽ የሞተ ፕሮግራም ሙሉ ከሞተው የከፋ ነው። ለምን እንደምል ልንገርህ፦ በነባሩ አሠራር ከዋናው ትሬድ በስተቀር የሌላ ትሬድ ፓኒክ ፕሮግራሙን አያቆመውም። መሞቱን የምታውቀው ጆይን ስታደርግ (እስኪጨርስ ስትጠብቀው) በሚመለስልህ ስህተት ነው፤ ጆይን የሚያደርግ ከሌለ በስህተት መስመር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ታትሞ ይቀራል። ሰርቪስ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም ላይ ያንን ዓረፍተ ነገር ማን ያነበዋል?

ገላን_ሚዛን
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡50

ቡራዩ፣ ትክክል ነህ፤ የመጀመሪያውን ቀን ሎግ (ፕሮግራሙ የሆነውን የሚጽፍበትን መዝገብ) ያነበብኩት ከሰዓታት በኋላ ነው። ነገር ግን አቦርት ላይ አንድ ፍርሃት አለኝ። ሠራተኛዋ ሰሌዳ እየጻፈች ሳለ ስክሪኑ ከፊቷ ይጠፋል። መብራት በሚመላለስበት ማለዳ አምስት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ዳታቤዙ ላይ እየጻፈ ሳለ ቢወድቅ?

ቡራዩ_ከታ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡10

ዳታቤዝህ ኤስኪውኤላይት ነው አይደል? በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ እስከጻፍክ ድረስ ያልተጠናቀቀው በሚቀጥለው መክፈቻ ይሰረዛል። ይህ የተሠራው ለዚሁ ነው። ስለ ስክሪኑ ግን እውነትህን ነው፤ ስክሪኑን ሌላ ፕሮሴስ ብታደርገው ይሻላል።

ኮዬ_ፈጬ_9
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ፤ አንድ ነገር ሳንናገር እንዳናልፍ። የምንከራከረው ከፓኒኩ በኋላ ስላለው ነው። የገላን ኮድ ላይ ግን ትልቁ ጥፋት ከዚያ በፊት ነው፦ ከውጭ የመጣን መስመር ቁልፍ ይዞ መቁረጥ።

ቁልፍ ተይዞ የሚሠራ ሥራ አጭርና የማይወድቅ መሆን አለበት። መስመሩን አንብብ፤ ርዝመቱን እይ፤ ቁጥሩን አውጣ፤ ይህን ሁሉ ቁልፉን ሳትነካ። ራስት ላይ በባይት ቁጥር መቁረጥ ወሰን ሲያልፍ ፓኒክ ያደርጋል፤ «ጌት» የሚለው ግን ካለ ይሰጣል፣ ከሌለ «የለም» ይላል። ቁጥር ማውጣቱም አንራፕ ሳይሆን ውጤቱን ተቀብሎ ማየት ነው። የተቆረጠ መስመር ከመጣ ፓኒክ የሚያደርግበት ምክንያት የለም። በሲሪያል ኬብል የተቆረጠ መስመር መምጣቱ የታወቀ ነገር ነው፤ መብራት በሚመላለስበት አገር ደግሞ የየዕለት ነገር ነው። መስመሩን ጣለው፤ ቀጣዩን ጠብቅ።

ከዚያ ሰሌዳ፣ ክብደትና ሰዓት የያዘ አዲስ «ምዘና» በሙሉ ከውጭ ሥራ። ሲያልቅ ብቻ ቁልፉን ይዘህ አሮጌውን በአዲሱ በአንድ ጊዜ ተካው። በቁልፉ ውስጥ ያለው ሥራ አንድ መተካት ብቻ ይሆናል። ፓኒክ ከመተካቱ በፊት ከመጣ አሮጌው ሙሉ ነው፤ በኋላ ከመጣ አዲሱ ሙሉ ነው። ጀሞ ስለ ቆጣሪው ያለው ነገር ለምዘናውም ይሠራል ማለት ነው፤ ግማሽ የሚባል ነገር አይኖረውም። አሁን መዋቅሩን መስክ በመስክ (ሰሌዳውን ለብቻ፣ ክብደቱን ለብቻ) ስለምትለውጠው ነው መካከል የተፈጠረው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁልፉ ቢመረዝ፣ ያላሰብከው ነገር ደርሷል ማለት ነው። ያኔ እኔ እንደ ቡራዩ ነኝ፤ ይቁም፣ ይጀምር።

ሰበታ_ጃቫ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ራስት አልጽፍም፤ ነገር ግን ይህን ሳነብ የራሴን ኮድ ከፈትኩ። ጃቫ ላይ ሲንክሮናይዝድ ክፍል (ቋንቋው ራሱ የሚቆልፈው የኮድ ክፍል) በኤክሴፕሽን ሲወጣ ቁልፉ በራሱ ይለቀቃል፤ ምልክት የለም፤ ቀጣዩ ትሬድ በሰላም ይገባል። ጸሐፊው ራሱ በሚከፍተው ሪኤንትራንት ሎክ ላይ ደግሞ መክፈቻውን ፋይናሊ (ስህተት ቢመጣም የሚፈጸመው ክፍል) ውስጥ ካላስቀመጡት ጨርሶ አይከፈትም። ማለትም እኛ ዘንድ የገላን የሐሰት ወረቀት ያለ አንዳች ስህተት መልእክት ይታተማል። ትሬድን በግድ የሚያቆመው ስቶፕ የተባለው ጥሪ ከጃቫ 1.2 ጀምሮ እንዳይጠቀሙበት የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቁልፎቹን ሁሉ ይለቃል፤ የተጠበቀው መረጃ ግን በነበረበት ግማሽ ሁኔታ ለሌሎች ይገለጣል። በጃቫ 20 ጭራሽ ሥራውን አቁሟል፤ ቢጠሩት ኤክሴፕሽን ብቻ እንዲወረውር ተደረገ።

ነገ ኮዴ ውስጥ ሁለት መስኮችን አብረው የሚለውጡ ቦታዎችን ሁሉ አያለሁ።

አያት_49
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡35

በጎ ቋንቋ የምትጽፉም ተጠንቀቁ። ጎሩቲን (የጎ ቀላል ትሬድ) ላይ ያልተያዘ ፓኒክ ፕሮግራሙን በሙሉ ያወርዳል፤ ስለዚህ ደኅና ነን እንላለን። የድር ጥያቄዎችን የሚቀበለው የኤችቲቲፒ ሰርቨሩ ግን የጥያቄ አስተናጋጅን ፓኒክ በራሱ ይይዝና ይቀጥላል። መክፈቻውን በዲፈር (ከክፍሉ ሲወጣ የግድ እንዲፈጸም በሚያደርገው ትእዛዝ) ካላስቀመጣችሁ ቁልፉ እንደተያዘ ይቀራል፤ ቀጣዮቹ ጥያቄዎች ሁሉ ይሰለፋሉ። በዲፈር ካስቀመጣችሁት ደግሞ ይከፈታል፤ ግማሹ መረጃ ግን እዚያው ነው።

የድሮ_ሲ_ጸሐፊ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡00

ገላን፣ ልጄ፣ ኮዱን ስለ መጠገን ብዙ ተባለ። እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነው። ኢንቱ ኢነርን ካስገባህበት ዕለት እስከ ትናንት ሁለት ሳምንት አለ። በእነዚያ ቀናት መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ? ስንት ወረቀት ታተመ? ትናንት የተመለሰው ሹፌር ቅን ሰው ስለሆነ ነው ያወቅኸው። የክብደቱ ስህተት ወደ ታች ቢሆን ኖሮስ? ባለጉዳዩ የጎደለበት መሆኑን እንኳን ሳያውቅ ሊሄድ ይችላል።

ገላን_ሚዛን
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡12

አባቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። አመሰግንዎታለሁ።

የማታ_ተማሪ
ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡30

እንዴት ነው የምታገኛቸው? ሁሉንም ወረቀት ከደብተሩ ጋር ማስተያየት ይቻላል?

ኮዬ_ፈጬ_9
ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡05

ይቻላል፤ ግን ፍለጋውን የሚያጠብቡ ሁለት ምልክቶች አሉ። የፓኒክ መልእክቶቹ ሎጉ ላይ ከነሰዓታቸው አሉ። ሌላው፣ ስህተቱ የሚፈጥረው ቅርጽ የታወቀ ነው፦ ተከታትለው የገቡ ሁለት መኪናዎች በኪሎ ልክ አንድ ዓይነት ሙሉ ክብደት ይኖራቸዋል። የመኪና ሚዛን ብዙውን ጊዜ በ20 ኪሎ ስለሚዘልል በአጋጣሚም ሊገጥም ይችላል፤ ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ግን አጋጣሚ አይደለም።

ገላን_ሚዛን
እሑድ፣ ከረፋዱ 5፡00

የገባሁትን ቃል ላድርስ።

ሎጉ ላይ በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ አምስት ፓኒኮች አሉ፤ የረቡዑን ጨምሮ። ሦስቱ የመጡት ማንም ሳይመዝን ነው፤ ምንም አልጻፉም። አራተኛው ግን በአንድ ዓርብ ማለዳ፣ ሁለት መኪናዎች ተከታትለው በገቡበት ሰዓት ነው። ሁለቱም 36,120 ኪሎ ተመዝግበዋል። ደብተሩን ገለጥን። ሠራተኛዋ ለሁለተኛው 39,260 ብላ ጽፋለች። 3,140 ኪሎ ጎድሎበታል፤ 31 ኩንታል ከ40 ኪሎ። ነጋዴው በጎደለው ወረቀት ተከፍሎ ሄዷል። ጋሼ እንዳሉት አላወቀም ነበር። ወይም ደግሞ አውቆ፣ ከፋብሪካ ጋር ተከራክሮ ማን አሸንፏል ብሎ ትቶታል፤ ስልክ ስንደውልለት ዝምታው ረዘም ስላለ እንዲህ ጠረጠርኩ።

ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ነገርኩት፤ ኢንቱ ኢነርን ያስገባሁት እኔ መሆኔን ጭምር። ቀሪው ክፍያ ሰኞ ይሰጠዋል። ሠራተኛዋ ደብተሩን በራሷ ፈቃድ ባትይዝ ኖሮ ይህን ሰው የምናገኝበት መንገድ አልነበረም፤ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ደብተሩ ለምን እንደሚያስፈልጋት ደጋግሜ የጠየቅኳት እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ኮዱ ላይ ያደረግሁት እንዲህ ነው። መስመሩ ከቁልፉ ውጭ ይነበባል፤ ያልተሟላው ተጥሎ በሎግ ይመዘገባል። ምዘናው ሙሉ ሆኖ ይሠራና በአንድ ጊዜ ይተካል። ከአንባቢው ወደ ጸሐፊው የነበረውን መጋራት ደግሞ በቻናል ለወጥኩት፤ አንባቢው የተሟላ ምዘና ይልካል፣ ጸሐፊው ይቀበላል። አንባቢው ቢሞት ላኪው ስለሚጠፋ ተቀባዩ ወዲያው ስህተት ያገኛል፤ ጸሐፊው ያንን ሲያይ ምንም ሳይጽፍ ፕሮግራሙን ያቆማል። ስክሪኑ ሌላ ፕሮሴስ ሆኗል፤ ዋናው ሲወድቅ «ሚዛኑ እየተነሣ ነው፣ አትመዝግቢ» ብሎ በቀይ ይጽፍላታል። የቡራዩን አቦርትም አስገብቻለሁ።

ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት፣ መኪና በሌለበት፣ የማሳያውን ኬብል 30 ጊዜ ነቀልኩ፤ አሥሩን ጊዜ ሠራተኛዋ «መዝግብ» በተጫነችበት ቅጽበት። የተቆረጡት መስመሮች ሁሉ ተጣሉ፤ ፕሮግራሙ አንድ ጊዜም አልወደቀም። ከዚያ ሆን ብዬ አንባቢው ውስጥ ፓኒክ አስገብቼ ሞከርኩ፤ ፕሮግራሙ ወደቀ፣ ተነሣ፣ የተጻፈ የሐሰት ምዘና አላገኘሁም።

የማታ_ተማሪ
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡20

በጣም ተምሬበታለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ኢንቱ ኢነር ኮዱ ውስጥ ጨርሶ የለም?

ገላን_ሚዛን
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡45

አንድ ቦታ አለ። ጀሞ ያነሣው የዕለቱ መኪና ቆጣሪ በሙከራ ጊዜ ያለ አቦርት በሚሠራው የፕሮግራሙ ቅጂ ላይ ሊመረዝ ስለሚችል እዚያ ትቼዋለሁ። ከላዩ ላይ ለምን ችግር እንደሌለው በሁለት መስመር ጽፌበታለሁ፤ ነገ ሌላ ሰው አይቶ ለሌሎቹ ቁልፎች እንዳይቀዳው።